የአረርና የአፈሙዝ ልክ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጋፋት እስከ መቅደላ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ የጉናን ተራራ በስተቀኙ ትቶ ወደ ጋይንት ይዘልቃል። ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብ ምዕራቡ እስቴ፣ በደቡብ ምሥራቁ ስማዳ፣ በምሥራቁም ጋይንት ይገኛሉ። ነፋስ መውጫ ታልፎ ጨጨሆ ሲደረስ ደጋው በገደል ይቆረጣል። ዛሬ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ በዚህ በኩል ያልፋል። ይህ መንገድ ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በፊት ግን ዶማና ድጅኖ የያዘ ሠራዊት 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሞርታር በዚሁ አገር ላይ እየጎተተ አልፏል። መንገዱን ያስጠረጉት፣ ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው ያነሡ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

የእኚህ ንጉሥ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በጀግንነታቸውና በአሟሟታቸው በኩል ነው። በመሣሪያ ሥራ በኩል ሲመረመር ደግሞ ለባለሙያ የሚጠቅም ሌላ ቁም ነገር ይገኝበታል። ይኸውም ኃይለኛ መሣሪያ መኖሩ ብቻውን የማይበቃ መሆኑ፣ አረሩ ከአፈሙዙ፣ ባሩዱ ከብረቱ፣ መሣሪያውም ከተኳሹና ከምድሩ ጋር በልክ መግጠም ያለበት መሆኑ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ በማጣቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ብዙ ችግር አይታ አሳደገችው። ጥቂት ጊዜ በገዳም ፊደልና ዳዊት ከተማረ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ሆኖ የጦር ሙያን ለመደ። ክንፉ በምዕራቡ ጠረፍ ከግብፅ ወታደሮች ጋር የተዋጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ካሣ ጠረፉን የሚያስጨንቀው ጠላት ማን እንደ ሆነ ገና በወጣትነቱ ዐወቀ። ክንፉ ከሞቱ በኋላ ርስቱን ሲያጣ ሸፈተ፤ የቋራ ቆላም ለተከታዮቹ መጠጊያ ሆነ።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ካሣ ሠራዊቱን አስከትቶ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ግብፆቹ በቁጥር ያነሱ ቢሆኑም ምሽግ ነበራቸው፤ መድፍ ነበራቸው፤ በትእዛዝ የሚተኩስና የሚጎርስ ወታደርም ነበራቸው። የካሣ ፈረሰኞች እየደጋገሙ ወደ ምሽጉ ቢወረወሩም በመድፍ ጥይት ረገፉ። ያ ቀን ለካሣ የሕይወቱ ትምህርት ቤት ሆነ። ከዚያ ወዲህ መድፍ ከሐሳቡ አልተለየም። ይሁን እንጂ ከደባርቂ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነበር፤ አንዱ የመድፉ ኃይል ሲሆን ሁለተኛው መድፉን፣ አረሩንና ተኳሹን አንድ አድርጎ ያያዘው ሥርዓት ነው። የኋላ ታሪኩ እንደሚያሳየው የመጀመሪያውን ፈጥኖ ያዘ፤ ሁለተኛውን ለመያዝ ግን ዕድሜውን ሁሉ ሲታገል ኖረ።

ከደባርቂ በኋላ የካሣ ዕድል ተቃና። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ማረከና እዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ንጉሡ ከሁሉ አስቀድመው የያዙት ሥራ የሠራዊቱን መልክ መለወጥ ነበር። በየመሳፍንቱ ቤት ተከፋፍሎ ይኖር የነበረውን ጦር ከየአገሩ አደባልቀው በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሻለቃ አደራጁት። ደመወዝ ሊቆርጡለት፣ ከዘረፋም ሊያወጡት ሞከሩ። የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር መለካካት ነው፤ አንዱ መቶ ከሌላው መቶ ጋር እኩል ሲሆን፣ የጎደለውን በሌላ መተካት ይቻላል። ሰውን በቁጥር ያስተካከሉት ንጉሥ መሣሪያውን ግን እንዲሁ ማስተካከል አልቻሉም። በወታደሩ እጅ የነበረው መሣሪያ በክር የሚለኮሰው ቆመህ ጠብቀኝ፣ በባልጩት የሚተኩሰው፣ ከዚያም ወዲህ የመጣው ባለ ሁለት አፉ ጠመንጃ ሁሉ የተደባለቀበት ነበር። አንዱ ወታደር ያፈሰሰው እርሳስ ለጓደኛው አፈሙዝ አይገባም፤ ወይም ገብቶ ይላላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠመንጃ አረሩ የሚፈስበት የራሱ ቅርጽ ያስፈልገው ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ በጠረፉ ጌቶች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ስለ ተረዱ፣ መሣሪያው በአገር ውስጥ እንዲሠራ ቆረጡ። ለዚህ የተመረጠው ቦታ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚርቀው ጋፋት ነው። በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ለመስበክ የመጡት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር፣ ከእነርሱም ጋር የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ በጋፋት ሰፈሩ። ንጉሡ ከሰባኪዎቹ የፈለጉት ስብከት ሳይሆን መድፍ ነበር። እነርሱ መድፍ ማቅለጥ አልተማሩም፤ እምቢ ለማለትም አልደፈሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ትንሽ ሞርታር አወጡ። የንጉሡ ደስታ ትልቅ ነበር፤ ወዲያው ከዚያ የሚበልጥ እንዲሠራ አዘዙ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ አደረጉ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ እየተባለ በሚናቅበት አገር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በማቅለጫው አጠገብ መዋላቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

በጋፋት የተመረጠው ብረት ነሐስ ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። የመድፍ ነሐስ ከዘጠኝ እጅ መዳብና ከአንድ እጅ ቆርቆሮ የተሰናዳ ሲሆን በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። የአገሩ የብረት ምድጃ ግን የሚያወጣው የሚቀጠቀጥ ብረት እንጂ እንደ ውኃ ፈስሶ ቅርጽ የሚሞላ ብረት አልነበረም። ነሐስ በወናፍ ኃይል ሊቀልጥ ቢችልም የራሱ ፈተና አለው። መጠኑ በጨመረ ቁጥር የጭቃው ቅርጽ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከቀረ እንፋሎቱ የፈሰሰውን ብረት ያፈነዳዋል። በመሐሉ የሚቀረው የአየር ቀዳዳም ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው በተኩስ ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን የአረሩና የአፈሙዙ መጣጣም ነበር። በፊት ለፊት ጎርሶ የሚተኩስ መድፍ አረሩ ከአፈሙዙ ጥቂት ማነስ አለበት፤ አለዚያ አይገባም። ማነሱ ግን ልክ አለው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው አፈሙዝ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል አረር ቢጎርስ፣ በዙሪያው ከአፈሙዙ ቀዳዳ አንድ አምስተኛ ያህሉ ክፍት ይቀራል፤ የባሩዱም ግፊት በዚያ ያመልጣል። የአረሩ ክብደት ደግሞ በስፋቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚሄድ፣ ከልኩ አረር ከሩብ በላይ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው አረር አፈሙዙን ወዲያና ወዲህ እየመታ ስለሚወጣ አቅጣጫው አይታመንም። ሠራተኛው ጉድለቱን በባሩድ ብዛት ልሙላ ሲል ደግሞ አደጋው ከአረሩ ወደ መድፉ ይዛወራል። ባሩዱም በየጊዜው አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ የድኙና የከሰሉ መጠን፣ የፍሬውም ድቀት ከተለያየ፣ ትናንት ልክ የነበረው ስፍር ዛሬ ከልክ ያልፋል።

ይህ ሕግ እስከ ዛሬ አልተሻረም። በኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው የማካሮቭ ሽጉጥና ፓራቤለም የተባለው ጥይት ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ይባላሉ። ነገር ግን የማካሮቭ ቀለሀ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ አረሩም ስፋቱ ከ9.2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ የፓራቤለም ቀለሀ 19 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ግፊቱ ይበልጣል። ስማቸው አንድ ቢሆንም አንዱ ለሌላው አይሆንም። በፋብሪካ ዘመን እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያሳስት ከሆነ፣ እያንዳንዱ መድፍ በእጅ በተሠራ የጭቃ ቅርጽ ለብቻው በሚወጣበት በጋፋት ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ንጉሡ ከዓመት ወደ ዓመት ሲያዝዙ የኖሩት ተመሳሳይ መድፎችን ሳይሆን እያንዳንዱ ከቀድሞው የሚበልጥ መድፍን ነው። መድፉ ባደገ ቁጥር አረሩም፣ የባሩዱ ስፍርም፣ ሰረገላውም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይታሰብ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ጉድለት ፈጽሞ አልሳቱትም። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ሽጉጥ በስጦታ ባመጣላቸው ጊዜ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትንም ፈለጉ። መልስ ሳይመጣ ሲቀር በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩ። በኋላም ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው በመጠየቃቸው የእንግሊዝ መንግሥት በ1859 ዓ.ም. ሠራተኞችን ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ ላከ። ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ሠራተኞቹ ከምፅዋ ሳያልፉ ተመለሱ። ንጉሡ ባለሙያን በማሰር ሙያን ለማግኘት ሞከሩ፤ ማሰሩ ራሱ ሙያው የሚመጣበትን በር ዘጋው።

በዚህ ጊዜ አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። በትግሬ፣ በላስታ፣ በጎጃምና በሸዋ ሽፍቶች ገነኑ። 60 ሺህ ይደርስ የነበረው ሠራዊት ወደ 10 ሺህ ገደማ ወረደ። ኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። በጌምድር ብቻውን ሠራዊቱን እንዲቀልብ ሲገደድ ገበሬው እርሻውን እየተወ ወደ ቆላና ወደ ዋሻ ሸሸ። በጋፋት እሳቱ ሲነድ በአካባቢው መንደሮች ምድጃ እየጠፋ ነበር። መድፉን የሚጎትተው ሰው፣ ሰውየውን የሚመግበው እህል፣ እህሉንም የሚሰጠው ገበሬ እንደ አንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ሰንሰለቱም ከገበሬው በኩል ተበጠሰ።

ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ ሞርታር የተቀለጠው በዚህ በ1859 ዓ.ም. ነው። ስሙ ሩሲያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር ባደረገችው ጦርነት ከተከበበው ከተማ የተወሰደ ነው። ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቹን፣ የጋፋትን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸውን ሁሉ ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ መሥመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምድር ግን ቀጥታ መሥመር የለም። ጋይንት የባዛልት ድንጋይ በላይ በላይ የተነባበረበት ደጋ ነው፤ ወንዞቹ ይህን ደጋ ሰንጥቀው በደረጃ በደረጃ የሚወርድ ገደል ሠርተዋል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስተደቡብ የስማዳ ምድር እስከ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። ሠራዊቱ ማለዳ ተነሥቶ መንገድ ይጠርጋል፤ ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ጉድጓድ ይሞላል፤ ከዚያ ተመልሶ ሰረገላውን ይጎትታል። አቀበት ሲሆን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍርና በገመድ ይስባሉ፤ ቁልቁለት ሲሆን ያው ብዛት ያለው ሰው ከኋላ ሆኖ ይይዛል። በዙሪያው ያለው አገር የሸፈተ በመሆኑ ለስንቅ ርቆ መሄድ አይቻልም ነበር። ሠራዊቱ በጨጨሆ ወጥቶ ወደ ዋድላ ቤተ ሖር ደረሰ፤ ከዚያም 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውን የዥጣን ሸለቆ ወርዶ ደላንታን፣ ቀጥሎም በሽሎን ተሻገረ። መድፎቹ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሥር ሲደርሱ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከሠሯቸው ሁሉ በልኩ የተሠራው ሥራ ምናልባት ይህ መንገድ ነው። የጭነቱን ክብደት፣ የሰረገላውን ስፋት፣ የቁልቁለቱን ድፋት ገምተው ምድሩን ለመሣሪያው አስማምተዋል። ዕጣው ግን ያሳዝናል። ከዙላ ወደብ ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው የጄኔራል ናፒየር ጦር ቤተ ሖር ሲደርስ፣ የዥጣን ገደል የወረደው በዚሁ ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነው። ለሴባስቶፖል የተሠራው መንገድ የጠላትን መድፎች አሳለፈ።

የናፒየር ጦር 13 ሺህ ያህል ወታደሮች ነበሩት። የእንግሊዞቹ ክፍሎች ስናይደር ጠመንጃ ይዘዋል። ይህ ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስ ሲሆን የ14.7 ሚሊ ሜትር ጥይቱ በዉልዊች የመንግሥት ፋብሪካ ወጥቶ ባሩዱ፣ አረሩና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለሀ የታሸገ ነው። አንዱ ወታደር ጥይት ቢያልቅበት ከጓደኛው ተቀብሎ ይተኩሳል። በዚያ ጦር ውስጥም ቢሆን ከሕንድ የመጡ አንዳንድ ክፍሎች አሮጌውን በፊት የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ስለ ነበር፣ የጥይት መለያየት ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ለመድፍ የተራራ መድፎች በበቅሎ፣ አርምስትሮንግ መድፎችና ሞርታሮች ደግሞ በዝሆን ተጭነው መጥተዋል። መድፉ የተሠራው ለሚጫንበት ከብት ተመጥኖ ነው።

ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ ውጊያው ተጀመረ። የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች በፋላ ተራራ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ፣ ንጉሡ በስማቸው ቴዎድሮስ ያሉት፣ ከሚገባው በላይ ባሩድ ጎርሶ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የቀሩት መድፎች አረር በጠላት ራስ ላይ አለፈ፤ ከከፍታ ቁልቁል የወረደውም መሬት ውስጥ ተቀበረ። በፊታውራሪ ገብርዬ እየተመራ ወደ ሜዳው የወረደው ሠራዊት ጠመንጃውን አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪጎርስ ድረስ የስናይደር እሩምታ ያጭደው ነበር። በውጊያው መካከል ከባድ ዝናብ ነጎድጓድ እየመታ ወረደ፤ የታሸገው ጥይት በዝናብ አይበላሽም፤ በግልጽ የሚለኮሰው ባሩድ ግን ይረጥባል። ገብርዬ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከእንግሊዞች ወገን 20 ያህል ቆስለው ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ለሀገራቸው ንጉሥ የሞቱት ሰዎች በድፍረት አላነሱም፤ ያነሱት በመሣሪያቸው ነበር።

ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በመድፍ ደብድቦ ወደ ቆቅት በር ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው በጠላት እጅ መውደቅን አልመረጡም፤ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ስድስት ወር በገደል የተጎተተው መድፍ ያልረዳቸውን ንጉሥ፣ ታሪካቸውን የዘጋው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሆነ።

ከመቅደላ ከ30 በላይ መድፎችና ሞርታሮች ተገኙ፤ ከውጭ የመጡም፣ በጋፋት የተቀለጡም ነበሩባቸው። እንግሊዞች ሚያዝያ 10 ቀን መቅደላን ሲያቃጥሉ መድፎቹን ሰባበሯቸው። ሴባስቶፖል ግን እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አለ። ምሳሌው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ናፒየር ሲመለስ ላደረጉለት ትብብር ለትግሬው ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ ከ800 በላይ ጠመንጃዎች፣ 12 መድፎችና ሞርታሮች ከነጥይታቸው ትቶላቸው ሄደ። ካሣ ሠራዊታቸውን በዚሁ አሠልጥነው በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሰም በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ድል አደረጉ፤ ዐፄ ዮሐንስ ተብለውም ነገሡ። በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ጥይቱ የገጠመለት፣ ተኳሹ የሠለጠነለት መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ይህ ጦርነት አሳየ።

ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ሌላም ልዩ ልዩ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የፈረንሳዩ ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ የኢጣሊያው ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በዚያ ዘመን የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለብዙው ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ለብዙ ሰው ይጠቅማልና።

ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ከሌላው መለመን እንደማያዋጣ ቀድመው ያዩ፣ ማቅለጫ ያቆሙ፣ መንገድ የጠረጉ ንጉሥ ነበሩ። የጎደላቸው ድፍረት ወይም ትጋት አልነበረም። የጎደላቸው የመለኪያው ሥርዓት ነው፤ አንዱን አረር ከሌላው አረር፣ አንዱን ስፍር ከሌላው ስፍር፣ ከሁሉም በላይ የመንግሥቱን ፍላጎት ከገበሬው አቅም ጋር የሚያስተያይ ሥርዓት። ዛሬ ከጨጨሆ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ዋድላ የሚመለከት መሐንዲስ የዚያን ጉዞ ክብደት በዓይኑ ሊገምት ይችላል። የጋይንት ገበሬ ትከሻ የተሸከመው 7 ቶን ነሐስ ከዚያ ክብደት ጥቂቱ ክፍል ነበር።